ሊሞት የደረሰን ሰው ማን ያናግረዋል?

እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ ልቡ እየመታ፣ ገላው ሞቆ የተኛ ሰው ሞቷል ሊባል ይችላል። አሠራሩ የቆየ አይደለም። የመተንፈሻ ማሽን ከመለመዱ በፊት ትንፋሽ ሲቆም ልብም ተከትሎ ይቆም ስለነበር ሐኪሙም ቄሱም ጎረቤቱም የሚያዩት ሞት አንድ ነበር። ማሽኑ መጥቶ ትንፋሽንና ልብን ከአንጎል ለያያቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 የሃርቫርድ ሕክምና ትምህርት ቤት ኮሚቴ አንጎሉ ጨርሶ ሥራ ያቆመና የማይመለስ ሰው እንደ ሞተ እንዲቆጠር መመዘኛ አወጣ፤ በኋላም ሕግ ሆነ። ዛሬ ሐኪሞች የዓይን ብሌን ለብርሃን ይጠብ እንደሆነ ያያሉ፤ ቀዝቃዛ ውሃ በጆሮ ያፈሳሉ፤ በመጨረሻም ማሽኑን ለደቂቃዎች ለይተው በሽተኛው በራሱ ለመተንፈስ ይታገል እንደሆነ ይጠብቃሉ።

ምርመራው የሳይንስ ነው። ውጤቱን ሞት ብሎ የሚቀበለው ወይም የማይቀበለው ግን ሕግና ባህል ነው። በ2013 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ከቶንሲል ቀዶ ሕክምና በኋላ አንጎሏ መሞቱ ተረጋግጦ የሞት ወረቀት ወጣላት። ቤተሰቧ ልቧ እየመታ አንቀብራትም ብለው ወደ ኒው ጀርሲ ወሰዷት። የኒው ጀርሲ ሕግ በሃይማኖቱ ምክንያት ይህን መለኪያ የማይቀበልን ሰው አንጎሉ ስለሞተ ብቻ ሞተ አይልም። ልጅቷ እዚያ እስከ 2018 ቆይታ ሁለተኛ የሞት ወረቀት ተሰጣት። ስለዚህ አገር ቤት ያሉ ወገኖቼ “ፈረንጅ እኮ በሳይንስ ነው የሚኖረው” ሲሉኝ አልስማማም። ፈረንጅም ሞቱን የሚቀበለው እንደ እምነቱና እንደ ሰፈሩ ሕግ ነው።

ሐዋሳ ይህ ክርክር በአብዛኛው ቤት አይነሳም። ማሽኑ ጥቂት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሞተውም ከቤተሰቡ መሀል፣ በገዛ አልጋው ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ደግሞ ከሞቱ ሰዓት በፊት ያሉት ሳምንታት ናቸው።

ሥራዬ እንደ ብዙው ሐበሻ በአረጋውያን መጦሪያ ነው። ከእኛ አገር የመጡ እናቶችና አባቶች እዚያ አሉ። የመርሳት በሽታ ሲጠናባቸው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚከዳቸው ዘግይተው የተማሩት እንግሊዝኛ ነው፤ በልጅነት የገባው ቋንቋ ይቆያል። አንዲት እናት ነበሩ፣ ለረጅም ዓመታት በእንግሊዝኛ ሠርተው ያደሩ። በመጨረሻ አማርኛ ብቻ ቀራቸው። ሐኪሙ በስልክ አስተርጓሚ አስጠርቶ ስለ ሕመማቸው አንድም ሳያስቀር ይነግራቸው ነበር፤ የበሽተኛ የማወቅ መብት እዚህ በጣም የተከበረ ነገር ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ሌሊት ነቅተው “ማነው እዚያ? መሸ ወይስ ነጋ?” ሲሉ ግን የሚመልስላቸው የለም፤ እኔ ተረኛ ካልሆንኩ በቀር። ልጆቻቸው ጨካኞች አልነበሩም። ሁለት ሥራ ይሠሩ ነበር።

ዝም ያለ በሽተኛ አይሰማም ብለን ማሰባችን ራሱ እየተናጋ ነው። በ2020 የካናዳ ተመራማሪዎች ሊሞቱ ሰዓታት የቀራቸውን፣ ሲጠሯቸው የማይመልሱ ሰዎችን የአንጎል ሞገድ ለክተው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ የአንዳንዶቹ አንጎል ለድምፅ የሰጠው ምላሽ ከጤነኛ ወጣቶች ጋር ይመሳሰል ነበር። የሰሙትን ይረዱት እንደሆነ ጥናቱ አላሳየም። በ2024 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከባድ የአንጎል ጉዳት ደርሶባቸው ትእዛዝ ሲሰጣቸው ምንም ከማይንቀሳቀሱ 241 ሰዎች የ60ዎቹ አንጎል ትእዛዙን ሲፈጽም በመሣሪያ ታይቷል። እነዚህ አንጎላቸው ከሞተው የተለዩ ናቸው፤ ሁለቱ እንዳይምታቱ። ይህን ካነበብኩ በኋላ የማይመልስ ሰው ክፍል ስገባ ስሜን ተናግሬ፣ ቀኑን ነግሬ ነው የምሠራው።

በዚህ ነገር ሐዋሳ ታስቀናለች። አጎቴ የጉበት ካንሰር ይዞት በተኛበት አቶቴ ያለው ቤት ከሰው ተለይቶ አያውቅም ነበር። የእድር ጓደኞቹ ይመጣሉ፤ ጎረቤት ከአሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ ያመጣል፤ ቡና ይፈላል፤ አማርኛው፣ ሲዳምኛው፣ ወላይትኛው አልጋው ዙሪያ ይንቆረቆራል። ዓይኑን ጨፍኖም ቢሆን ማን እንደገባ በድምፁ ይለይ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ገንዘብ ያለው ሰው እንኳ ይህን አይገዛውም።

በዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ ግን ካንሰር መሆኑን የነገረው አልነበረም። ሐኪሙ ለልጆቹ ነግሮ፣ ልጆቹ ለእሱ ጨጓራ ነው ብለውት፣ ውጤቱ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። እሱ ለሚቀጥለው ክረምት የቤቱን ጣሪያ ስለማስለወጥ ያቅዳል፤ ልጆቹ ግቢ ወጥተው ያለቅሳሉ። ታላቁን የአጎቴን ልጅ ሳናግረው፦

“ጋሼ ከሰማ ተስፋ ቆርጦ ነገ ይሞትብናል” አለኝ።

ፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ትልቅ በደል ነው። ንስሐ የሚገባ፣ ከወንድሙ ጋር በመሬት የተጣላ፣ ንብረት ያለው ሰው ጊዜው ማለቁን ሳያውቅ እንዲያልቅ ማድረግ ነው። ከውጭ እየደወሉ “እንዳትነግሩት” የሚሉትም ብዙ ጊዜ እኛ ነን፤ የሕክምናውን ብር የምንልክ ልጆችና ዘመዶች፤ ስለላክንም ቃላችን ይሰማል።

ባህላችን መጥፎ ወሬ መንገር አያውቅም የሚለውን አልቀበልም። መርዶ አለን። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ቤተ ዘመድ ተጠርቶ፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ማለዳ ተኪዶ ነው የሚነገረው። ሜሪላንድ እንኳ አገር ቤት እናቱ የሞተችበት ሰው በር ላይ ከሥራ በፊት በጨለማ ተሰብስበን እንቆማለን። እንዲህ ያለ ጥበብ ለቀሪው ከተሠራ ለሚሄደውስ?

ልጆቹን ያሳመንኳቸው በዚህ ነው። ስለ መብት ስናገር አልሰሙኝም ነበር። የንስሐ አባቱና ሁለት የእድር ሽማግሌዎች ማለዳ መጡ፤ ሐኪሙ ያለውን በቀስታ ነገሩት፤ ልጆቹም አልጋው አጠገብ ነበሩ። አጎቴ አለቀሰ፤ ልጆቹም ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሱ ሳይደበቁ አለቀሱ። በማግሥቱ ዲላ ያለው ወንድሙ እንዲጠራ አዘዘ። የመሬቱ ነገር ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ድምፅ ከፍ ያለበት ጊዜም ነበር፤ በመጨረሻ ታረቁ። ከዚያ ኑዛዜውን አስጻፈ፤ ሕጉ እንደሚያዘው አራት ምስክሮች ባሉበት ተነበበለት፤ አንድ ቦታ አስቁሞ የታናሽ ልጁን ድርሻ አስተካክሎ ፈረመ።