በለሷ ባትጸድቅም ተካዮቿ ጸድቀዋል

አማርኛችን አርቆ አሳቢ ቋንቋ ነው። ችግኝ ሥር ሲሰድ «ጸደቀ» ይላል፤ ሰውም መንግሥተ ሰማያት ሲገባ «ጸደቀ» ይላል። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ቃል የጠሩት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ልጆቻቸው አንድ ቀን ችግኙን ለዕድሉ ትተው ራሳቸው ብቻ የሚጸድቁበትን ጥበብ እንደሚደርሱበት ታይቷቸው መሆን አለበት። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥበብ የቀረበ ምስጋና ነው።

ምስጋናዬን በዓይኔ ካየሁት ልጀምር። በምሠራበት መሥሪያ ቤት ጓሮ አንዲት የበለስ ዛፍ ነበረች። ማን እንደተከላት አይታወቅም፤ ያን ጊዜ ባነር አልተሰቀለም። አዛውንቱ አትክልተኛ «ከእኔ ቀድማ የተቀጠረች ናት» ይላሉ። ፍሬዋን ወፎችና የሒሳብ ክፍል ሠራተኞች ይሻሙበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ወፎቹ ይቀድማሉ፣ ሥራ የሚገቡት በሰዓቱ ነውና። የበለሷ ጥፋት አንድ ብቻ ነው፤ የቆመችበት ቦታ ለመኪና ማቆሚያ ተፈለገ። በዚህ አረንጓዴ ዘመን ዛፍ መቁረጥ ነውር ስለሆነ ከጓሮ ተነቅላ ዋናው በር ፊት ለፊት እንድትተከል ታሰበ። ከጓሮ ወደ ፊት መዛወር ለማንኛውም ሠራተኛ የደረጃ ዕድገት ነው። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔም ጸሐፊ ሆንኩ።

ኮሚቴው በመጀመሪያ አትክልተኛውን አስጠራ። ይህን በአድናቆት እመሰክራለሁ፤ ሰውን አለመስማት የሚቻለው አስቀድሞ ከተጠራ ነው። አዛውንቱ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እንደቆሙ አስረዱ። ዕድሜ የጠገበች በለስ የምትነሣው ቅጠሏን አራግፋ በምታርፍበት ጊዜ ነው አሉ። ከዚያ ከጥቂት ወራት በፊት ዙሪያዋን እንደ ቦይ ቆፍሮ ሥሯን በከፊል መቁረጥ፣ ቦዩንም በብስባሽና በላላ አፈር መሙላት ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ግንዷ አጠገብ ቀጫጭን ሥር ታወጣለች፤ ስትነሣም እርሱን ይዛ ትነሣለች። የበለስ ሥር ጠልቆ ከመውረድ ይልቅ ወደ ጎን መንሰራፋት ስለሚወድ አብሯት የሚወጣው አፈር ቢያንስ ትልቅ ሞሰብ ማከል፣ እንዳይፈርስም በጆንያ መጠቅለል አለበት። ባጭሩ፣ «ጥቂት ወራት ስጡኝ» አሉ።

ሊቀመንበሩ ሰዓታቸውን አዩ።

በወንጌል ያለውን ምሳሌ የማያውቅ የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ፍሬ ያላየባትን በለስ ባለቤቱ ቁረጣት ሲል፣ አትክልተኛው ዙሪያዋን ልቆፍርላት፣ ፋንድያም ላፍስስላት፣ ይህችን ዓመት ብቻ ተዋት ብሎ ለመነ። ያ ባለቤት መታገሥ የቻለው የበጀት ዓመት ስላልነበረበት ነው። የእኛ ሰኔ 30 ይዘጋል። ለመርሐ ግብሩ የተያዘው ገንዘብ ካልወጣ ተመላሽ ይሆናል፤ ተመላሽ ገንዘብ ደግሞ ከደረቀ ዛፍ ይበልጥ ያሳፍራል። ስለዚህ በለሷ በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት፣ ቅጠሏ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ፣ ፍሬዋ ገና ጎጥጉጦ ሳለ እንድትነቀል የቀረበው ሐሳብ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ውሳኔም ይጸድቃልና! በግቢያችን ከጸደቁት ነገሮች የመጀመሪያው ይህ ነበር።

ሁለተኛው የእብነ በረድ ሰሌዳው ነው። የክብር እንግዳው ስም በወርቃማ ፊደል የተቀረጸበት ይህ ሰሌዳ ከዛፏ አንድ ቀን ቀድሞ ተተከለ፤ በሲሚንቶ ስለተተከለም ወዲያው ሥር ሰደደ። ጉድጓዱም ዙሪያውን በሲሚንቶ ታጥሮ እንደ ገንዳ አማረ። ለአንዲት ዛፍ አርባ ቲሸርትና አርባ ኮፍያ ታተመ። ስለ ፋንድያ ያነሣ አልነበረም፤ ለነገሩ ፋንድያ ደረሰኝ የለውም።

በዕለቱ ማለዳ የቀን ሠራተኞች መጥረቢያ ይዘው መጡ። አዛውንቱ በወራት ያሰቡትን በአርባ ደቂቃ ጨረሱት። አብሯት የወጣው አፈር ሞሰብ ቀርቶ ጀበና ቢያክል ነው። አዛውንቱ እንደገና አፋቸውን ከፈቱ፤ ይህን ያህል ሥር ያጣች ዛፍ ያን ሁሉ ቅጠል መመገብ ስለማትችል ከቅርንጫፏ ሲሶ ያህሉ ይቆረጥላት አሉ። የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ግን «ፎቶ ላይ ራሰ በራ ትመስላለች» ብሎ ተቃወመ። ሙያ እንዲህ ከሙያ ጋር ሲፋጭ ማየት ያስደስታል። ስትጓጓዝ ሁለት ሦስት ቅርንጫፎች ተሰበሩ፤ አዛውንቱ ለቅመው እንዲጥሏቸው ታዘዙ።

የክብር እንግዳው ዘግይተው ደረሱ። ካፊያ ስለነበረ ጃንጥላ ተዘረጋላቸው፤ ለእርሳቸው እንጂ ለተቆረጠው ሥር እርጥብ ጆንያ ያለበሰው አልነበረም። ንግግራቸው ግሩም ነበር። «እሾኋን ታግሦ ለቀረባት ጣፋጭ ፍሬ የምትለግሰው በለስ» ሲሉ አጨበጨብን። በሰሜን የአገራችን ክፍል በለስ የሚባለው ባለ እሾሁ ቁልቋል ነው፤ የእኛዋ ግን የሾላና የዋርካ ዘመድ ናት፣ አንድም እሾህ የላትም። (ዕፀ በለስ እሾህ ቢኖራት ኖሮ አዳምም እጁን ይሰበስብ ነበር።) ማንም አላረማቸውም፤ እንግዳን ማረም ባህላችን አይደለም።

ከዚያ አንዳንድ አካፋ አፈር ተጣለ። አርባችንም በየተራ ጣልን። በዝናብ መሐል፣ ከጃንጥላ ሥር፣ እንግዳው አንድ ጠርሙስ የታሸገ ውሃ ከፍተው በለሷ ላይ አፈሰሱ፤ ካሜራው ጠርሙሱ ግማሽ እስኪደርስ ጠበቃቸው። የቀረውን ጠጡት። ለተጨማሪ ፎቶ ቅርንጫፏን ሲይዙ ግን ቅጠሉ ተቀንጥሶ ነጭ ወተቷ እጃቸው ላይ ፈሰሰ። አዛውንቱ ቶሎ ይታጠቡ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ ይለበልባል አሉ። እንግዳው ግን መርሐ ግብር አለኝ ብለው ሄዱ። በዚያ ሁሉ ሥነ ሥርዓት ስለ ራሷ ጉዳይ በለሷ የሰጠችው አስተያየት ይህ ብቻ ነው፤ ቃለ ጉባኤው ላይ አልመዘገብኩትም።

መሥሪያ ቤታችን ከአገሩ የተለየ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር ዓለም ጉድ አለ። የተተከለው በዚያው ቀን ተቆጠረ። የጸደቀውን ለመቁጠር ግን ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ ያን ያህል የሚቆይ የካሜራ ባትሪ ደግሞ ገና አልተሠራም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ያለበሳት ያለ ቲሸርት ነው ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። ባሕር ዛፍ ግን ጨዋነት የጎደለው ዛፍ ነው፤ ቢቆርጡትም ያቆጠቁጣል፣ ለድጋሚ ተከላ ዕድል አይሰጥም።

ከሁሉ የሚያሳዝኑኝ ጥንታውያኑ ናቸው። በኢያሪኮ አጠገብ፣ ጊልጋል በተባለ ጥንታዊ መንደር፣ 11,400 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የበለስ ፍሬዎች ተገኝተዋል። ፍሬዎቹ የሚበቅል ዘር የማይሰጡ ዓይነት ስለሆኑ፣ ሰው ቅርንጫፍ እየቆረጠ ሳይተክላቸው አልቀረም ሲሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። ኋላ ቀርነታቸውን ተመልከቱ! ቅርንጫፍ ቆርጠው መሬት ላይ ሰኩ፣ ጠበቁ፣ በሉ። የክብር እንግዳ የለ፣ ውሎ አበል የለ፣ ሪፖርት የለ። ማን እንደተከለው እንኳ ሳይታወቅ ቀረ።

የእኛ ሪፖርት ሐምሌ 1 ቀን ደረሰ። «የተከላ ክንውን፦ ዕቅድ 1፣ ክንውን 1፣ አፈጻጸም 100 በመቶ።» የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አንድም ስሕተት የለበትም። ውሃ ማጠጣት ዕቅዱ ውስጥ ስላልነበረ አፈጻጸሙን ዝቅ የሚያደርግበት መንገድ የለም።

በለሷም የበኩሏን አደረገች። ዝናቡ በሲሚንቶ ገንዳዋ ሲጠራቀም ክረምቱን ሙሉ ቆማ ዋኘች። በለስ እግሯ ውሃ ውስጥ ሲቆም ሥሯ ይበሰብሳል፤ የእርሷ ደግሞ ለመበስበስም ያልበቃ ጥቂት ነበር። ቅጠሏ በሐምሌ ጠወለገ፣ በነሐሴ ረገፈ። «ወቅቱን ጠብቃ እያረፈች ነው» የሚል ማብራሪያ ተሰጠ። መስከረም አልፎ ዝናቡ ሲቆም ገንዳው ተሰነጣጠቀ። በክረምት የሰጠመችው በጥቅምት ተጠማች። አዛውንቱ ባልዲ ይዘው ሲቀርቡ ጥበቃው መለሳቸው፤ አካባቢው ለፎቶ በገመድ ታጥሮ ነበር።

ግንዷ ግን ዛሬም ቆሟል፣ ጥቅም ላይም ውሏል። በግንቦት የዘንድሮው ተከላ ሲታወጅ ባነሩን የምንወጥርበት ሁለተኛ ምሰሶ አጥተን ነበር፤ አንዱን ጫፍ ከእርሷ ጋር አሰርነው። ባነሩ «አሻራችንን እናኑር» ይላል።

በዚያው ሰሞን ታዲያ አንድ ዜና ተሰማ። ጄኔሬተር ቤቱ ጀርባ፣ በአሮጌ የዘይት ጣሳዎች ውስጥ፣ ሦስት የበለስ ችግኞች ቅጠል አውጥተው ታዩ። ተጥለዋል የተባሉት ቅርንጫፎች ናቸው። ኮሚቴው በደስታ ተሰበሰበ። ችግኞቹ ዋናው በር ፊት ለፊት፣ በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት፣ የክብር እንግዳ በተገኘበት እንዲተከሉ ሐሳብ ቀርቦ ጸደቀ። ሰሌዳው እንዳለ ስለሆነ ወጪ ይቆጥባል ተባለ። ሊቀመንበሩ አዛውንቱን አስጠርተው ጣሳዎቹን እንዲያመጡ አዘዙ።

አዛውንቱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ትናንት ማታ ፍየል በላቸው፣ ጌታዬ» አሉ።

«ጣሳዎቹስ?»

«ጣሳዎቹንም።»

በግቢያችን ፍየል ገብቶ አያውቅም። ዳሩ ግን ጉዳዩ በቸልታ የሚታለፍ ስላልሆነ የፍየል መከላከል ንዑስ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ ቲሸርቱ በመታተም ላይ ነው።