ተመስገን፤ ብቻ…

ደብረ ብርሃን ላይ «እንዴት አደሩ?» ብሎ መጠየቅ ጊዜ ላለው ሰው ነው። መልሱ ሁልጊዜ በ«ተመስገን» ይጀምራል። «ብቻ» የምትባለው ግን ተመስገኑ ሳይበርድ ከተፍ ትላለች። «ተመስገን፤ ብቻ ጉልበቴ…»፣ «ተመስገን፤ ብቻ ይሄ ውርጭ…»፣ «ተመስገን፤ ብቻ የጤፉ ዋጋ…»። ለፈጣሪ አንድ ቃል ይደርሰዋል፤ የቀረው ሩብ ሰዓት የ«ብቻ» ነው።

በብርዱስ አልፈርድም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተሰቅላለች፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ስሙ በአገር የታወቀውም ገበያውን ደጁ ላይ አግኝቶ ይመስለኛል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ወረደ ብሎ ቤተ ክርስቲያን አሠራ፤ ቤተ መንግሥቱንም እዚሁ ተክሎ እስኪሞት ኖረ። ታሪክ የነገረን ስለ ብርሃኑ ነው። «ጃንሆይ፣ እስቲ ትንሽ ወደ ቆላው ዝቅ ብንል?» እያለ የሚያጉረመርም ባለሟል ግን ጠፍቶ አያውቅም ባይ ነኝ።

ሰንበቴያችን 12 አባላት አሉት። አለቃችን እንደ ደንቡ «ሙሴ» ይባላል። ይህን ስም ያወጡለት አባቶች የሚገጥመውን አስቀድመው አውቀዋል።

በኅዳር አንድ እሑድ ሰባኪው ኦሪት ዘኍልቍን ገልጠው፣ እስራኤል መና ከሰማይ እየወረደላቸው የግብፅን ዓሣ፣ ዱባና ሽንኩርት እያሰቡ እንዳለቀሱ አስተማሩን። ጅራፉን ረስተው ሽንኩርቱን ብቻ ማስታወሳቸው ሁላችንንም አሳዘነን። ራሳችንን እየነቀነቅን፣ ከንፈር እየመጠጥን ወደ ሰንበቴው ቤት ገባን።

ዳቦው ተባርኮ ሳይቆረስ «ስብከቱ ረዘመ» ተባለ። ሲቆረስ «መሀሉ ሊጥ ነው» ተባለ። ጠላው ላይ ሁለት ወገን ሆንን፤ ገሚሱ ጌሾ በዛበት፣ ገሚሱ አነሰው አለ። ሁለቱም ወገኖች የተስማሙት የድሮው ጠላ ይሻል እንደነበር ነው።

ሙሴያችን ጽዋውን አስቀምጦ «እናንተ ሰዎች፣ ከነዓንን ሊሰልሉ ከተላኩት 12 ሰዎች ዐሥሩ እኮ ‹በፊታቸው እንደ አንበጣ ነበርን› ብለው ነው ሕዝቡን ተስፋ ያስቆረጡት። ካሌብና ኢያሱ ብቻ ናቸው ‹እንችላለን› ያሉት። እኛም 12 ነን፤ እስቲ ካሌብ ማነው?» አለ።

ሁላችንም ነን አልን። ዐሥራ ሁለት ካሌብ። ኢያሱ እንኳ አልተገኘም። ዳቦው ግን አሁንም መሀሉ ሊጥ ነበር።

እኔም ከእነዚህ ጋር ውዬ እምነቴ ይቀዘቅዛል ብዬ ሰጋሁና አንድ የሚያበረታታ ወዳጅ ያዝኩ። አፉ ማር ነው። «አይዞህ፣ እግዚአብሔር ልብን ነው የሚያየው» ይለኛል። ደከመኝ ስለው «አይዞህ፣ ዕረፍ» ይላል፤ ብርዱ ከበደኝ ስለው «አይዞህ፣ እሱ ያውቅልሃል»። በሦስት ሳምንት ውስጥ እንዲህ ተበረታትቼ ቅዳሴ መሄድ ተውኩ። እሱንማ ድሮም ቅዳሴ ላይ አይቼው አላውቅም።

በአራተኛው እሑድ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ ከደጄ ድምፅ ሰማሁ። የሰንበቴያችን ትልቋ እማማ ናቸው፤ ማማረርን በማዕረግ የያዙ ሰው። «ይሄ ድንጋይ ደግሞ ማን አስቀመጠው? ውሻቸውን የማያስሩ! ጉልበቴን እቴ፣ ውርጩ አጥንቴ ገባ፤ ይሄ ደወልም ዛሬ ዘገየ።» ዝናብ ቢሆን፣ ውርጭ ቢሆን፣ እማማ ከቅዳሴ ቀርተው አያውቁም። ዐሥር ደቂቃ ከሚፈጅ መንገድ ዐሥሩንም ደቂቃ ያማርሩታል፤ ከሁላችንም ቀድመው ግን እሳቸው ይደርሳሉ።

በሩን በከዘራቸው ደበደቡት።

«ካሌብ! ተኝተሃል?»

«እማማ፣ ውርጩ…» አልኩ ከብርድ ልብሱ ሥር። «አይዞህ፣ ተኛ» እንዲሉኝ ጠብቄ ነበር።

«ውርጩን ለእኔ ትነግረኛለህ? ከአንተ በፊት አይቼዋለሁ፤ የማይረባ ውርጭ ነው። ተነሥ!»

ተነሣሁ። ጋቢዬን በጨለማ ስፈልግ እሳቸው ደጅ ቆመው ቀጠሉ፦

«ተመስገን፤ ብቻ ይሄ ልጅ እስኪለብስ ኪዳኑ ሊያመልጠኝ ነው!»