ወተት መርዝ አያከሽፍም

ለተጎዱ የቤት እንስሳት ስለሚደረግ የመጀመሪያ እርዳታ ያነበብኩት ጽሑፍ የቆሰለ ውሻን ደም ስለ ማቆም በሚገባ አስረድቷል፤ ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ አጥብቆ መጫን፣ ጨርቁ በደም ቢርስም ሳያነሡ ሌላ መደረብ። ስለ መመረዝ ግን አንድ መስመር ብቻ መጻፉ አሳዝኖኛል። እዚህ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ግቢዎቻችን የተጠጋጉ ናቸው፤ አንዱ ቤት ለአይጥ ያስቀመጠውን መርዝ የጎረቤት ድመት ትበላዋለች። ያን ጊዜ ሁሉም ወተት ፍለጋ ይሮጣል። ወተት መርዝ አያከሽፍም! የሚጠቅመው የመርዙን ማሸጊያ ይዞ ወዲያውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም መሄድ ነው። ብዙው የአይጥ መርዝ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ምልክቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው፤ «ደህና ናት» ብሎ መዘናጋት ሕይወቷን ያስከፍላል።

ፓራሲታሞልንም ለድመት እባካችሁ አትስጡ። ጉበቷ ሊያስወግደው ስለማይችል አንድ ፍሬ እንኳን ሊገድላት ይችላል። የወጥ ትርፍራፊም ቢሆን፣ ሽንኩርቱ የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ በበዓል ሰሞን ይህን ስንቱ ያስታውሳል?

ሌላው፣ የተጎዳ ውሻ ጌታውንም ይነክሳልና ከማንሣታችሁ በፊት አፉን በነጠላ ቁራጭ ሳብ አድርጋችሁ እሰሩት፤ የሚያስመልሰው ወይም መተንፈስ ያቃተው ከሆነ ግን በፍጹም አትሰሩት። ከነከሳችሁ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ።