ቀጂው ሌላ፣ ነጋዴው ሌላ

ሠላሳ ዓመት ገደማ የኖረ ባንድ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሥራውን ሱቅ ገብቶ መግዛት የሚቻልበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነበር። መሪው ቃለ ምልልስ አይወድም። ፎቶው እንኳ እንደ ልብ አይገኝም። እንዲህ ያለ ባንድ ሲበተን አብሮ ይረሳል ብሎ የሚገምት ሰው አይፈረድበትም። የጃፓኑ ሌ ራሊዝ ዴኑዴ ግን አልተረሳም። የመጨረሻ ኮንሰርቱን ሲያቀርብ ገና ያልተወለዱ ልጆች ዛሬ ሸክላውን ይሻማሉ። ለዚህ ያበቁት ደግሞ ካሴት መቅረጫ ቦርሳቸው ውስጥ ይዘው ኮንሰርት የገቡ፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ የቀዱ ሰዎች ናቸው።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ከ2022 ጀምሮ የባንዱ ሥራዎች በሕጋዊ መንገድ እየወጡ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከዚያ ወዲህ በአድናቂዎች መካከል ሁለት ዓይነት ክርክር እሰማለሁ። አንደኛው ወገን፣ «ሕጋዊው ወጥቷል፤ ያለ ፈቃድ የተቀዳው ሁሉ ስርቆት ነው፤ ይጥፋ» ይላል። ሌላው ደግሞ፣ «እውነተኛው ራሊዝ ያ የካሴት ሽሽታ የበዛበት የድሮ ኮፒ ነው፤ የጸዳው አይጥመንም» ባይ ነው። ሁለቱም አልተዋጡልኝም። ምክንያቴን ለመናገር ግን መጀመሪያ ባንዱን ላስተዋውቅ።

ሌ ራሊዝ ዴኑዴ በ1967 ኪዮቶ ውስጥ በዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። መሥራቹ ታካሺ ሚዙታኒ ይባላል። ጊታር ይመታል፣ ይዘፍናል፣ ዘፈኖቹንም ይጽፋል። ዘመኑ የጃፓን ተማሪዎች ያመፁበት፣ ዩኒቨርሲቲዎች በሰልፍና በአጥር የተዘጉበት ነበር። ባንዱ ከዚያው እሳት ውስጥ ነው የወጣው። በ1969 ተማሪዎች አጥረው በያዙት የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተጫውቷል።

ከዚያ ያ ታሪክ መጣ። መጋቢት 31 ቀን 1970 ቀይ ጦር አንጃ የሚባለው የጃፓን ግራ ዘመም ታጣቂ ቡድን ዘጠኝ አባላት ከቶኪዮ ወደ ፉኩኦካ ይበር የነበረን የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ጠለፉ። ጉዞው በሰሜን ኮሪያ ዋና ከተማ በፒዮንግያንግ አበቃ። ከጠላፊዎቹ አንዱ ሞሪያኪ ዋካባያሺ ነበር፤ የራሊዝ የመጀመሪያው ቤዝ ጊታሪስት። ስለዚህ ባንድ የሚጽፍ ሰው ሁሉ በዚህ ታሪክ ይጀምራል፤ ብዙው እዚያው ላይ ይቀራል። እኔ ግን ወደ ሙዚቃው ማለፍ እፈልጋለሁ። ሰው ለዓመታት ካሴት ሲያድን የሚኖረው ለአንድ የጠለፋ ዜና ብሎ አይደለም።

ሙዚቃው ምን ይመስላል? «የገዳዮቹ ሌሊት» የሚባለውን እንውሰድ። ቤዙ አንዲት ቀላል፣ ለጆሮ የምትጥም ዜማ ይዞ ይነሳል። ዜማዋ የተወሰደችው በ1963 አሜሪካን ካጥለቀለቀ የኮረዳ የፍቅር ዘፈን ነው። ድራሙም አይወሳሰብም። ቤዝና ድራም እነዚያኑ ጥቂት ኖታዎች ይደጋግማሉ፤ ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ አይለወጡም። የሚዙታኒ ድምፅ ከሩቅ ይመጣል፣ ከገደል ማሚቶ ጋር፣ ቃላቱ እርስ በርስ እየተደራረቡ። ከዚያ ጊታሩ ይነሳል። ጊታር ነው ለማለት ያስቸግራል። አምፕሊፋየሩ እስከ ጣሪያው ተከፍቶ ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሌላውን ሁሉ ይውጣል። ከሥሩ ግን ያቺ የፍቅር ዜማ አሁንም አለች። ጆሮ የሚበሳ ጩኸትና የልጅ ዜማ አንድ ላይ። ይህን ስሰማ በየጊዜው ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ይጫነኛል።

ሚዙታኒ የነበሩት ዘፈኖች ብዙ አይደሉም። እነዚያኑ በዓመታት ውስጥ ደጋግሞ ተጫወታቸው። አንዱ ዘፈን በ1973 ለስላሳና ኀዘንተኛ ሆኖ ይሰማል፤ በ1977 ግድግዳ ያፈርሳል፤ በ1980 ፉጂዮ ያማጉቺ ሁለተኛ ጊታር ይዞ ሲቀላቀል ደግሞ መልኩ ይለወጣል። ኮንሰርቱን ብዙውን ጊዜ የሚዘጋበት ረጅም ዘፈን ነበረው። እሱ ሲጀመር ታዳሚው ሌሊቱ እያለቀ መሆኑን ያውቃል፤ ግን መቼ እንደሚያልቅ ማንም አያውቅም።

የመሰብሰቡ ነገር ከዚህ ይመነጫል። «አንዱን ዘፈን ሃያ ጊዜ ቀድታችሁ ምን ትሠሩበታላችሁ?» የሚል ሰው ጥያቄው ይገባኛል። የታወቀ አልበም ያለው ባንድ ሲሆን ዋናው አልበሙ ነው፤ የኮንሰርት ቅጂ ተጨማሪ ነው። ራሊዝ ጋ ግን ዋና የሚባል ነገር የለም። ዘፈኑ ማለት በተለያዩ ሌሊቶች የተጫወተው ሁሉ ነው። የአንድ ሌሊት ቅጂ ሲጠፋ የሥራው አንድ አካል ይጠፋል። እኛ ትዝታን የምናውቅ ሰዎች ይህ ሊከብደን አይገባም።

ታዲያ እነዚያን ሌሊቶች ማን ያዛቸው? ባንዱ በደህናው ዘመኑ በሕጋዊ መንገድ ያወጣው ጥቂት ነው። ኪቺጆጂ በሚባለው የቶኪዮ ሰፈር ኦዝ የሚባል ትንሽ የሙዚቃ ቤት ነበር። በ1973 ሲዘጋ በቤቱ ከተጫወቱት ባንዶች የተውጣጣ የመታሰቢያ ሸክላ ታተመ፤ ራሊዝም አንዱን ገጽ ያዘ። ከዚያ እስከ 1991 ድረስ ዝምታ ነው። በ1991 ሚዙታኒ በትንሽ ቁጥር የታተሙ ሦስት ሲዲዎች አወጣ። ቶሎ አለቁ። ከዚያ በኋላ የተገኙት በሰብሳቢዎች ዋጋ ብቻ ነበር።

ክፍተቱን የሞሉት ቀጂዎቹ ናቸው። በኮፒ ላይ ኮፒ ሲደረግ ሽሽታው እየጨመረ፣ ድምፁ እየደበዘዘ ይሄዳል። የለመደ ሰብሳቢ የሽሽታውን መጠን ሰምቶ ብቻ ይህ ከመጀመሪያው ካሴት ምን ያህል እንደራቀ ይገምታል። የካሴት ማጫወቻው ፍጥነት ትክክል ካልነበረ ዘፈኑ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይመጣል፤ የዘፋኙ ድምፅ ይቀጥናል ወይ ይወፍራል። እውነተኛ ሰብሳቢ ቁጭ ብሎ ሁለት ቅጂ እያነጻጸረ ፍጥነቱን ያስተካክላል። ከዘፈኑ በፊት የሚሰማውን ሳል፣ ከመካከል የሚያልፈውን ንግግር፣ በስተመጨረሻ የሚሰማውን የጥቂት ሰዎች ጭብጨባ እየለየ ይህና ያ የአንድ ሌሊት ቅጂ ናቸው ብሎ ያረጋግጣል። ይህ የታሪክ ሥራ ነው። ደሞዝ የሌለው፣ ማንም ያልጠየቀው፣ ግን በጥንቃቄ የተሠራ የታሪክ ሥራ።

ነጋዴው ግን ሌላ ነው። በ2000ዎቹ የራሊዝ ስም እየገነነ ሲመጣ ያለ ፈቃድ የተባዙ ሲዲዎች ገበያውን ሞሉት። ሽፋናቸው የደበዘዘ ፎቶ፣ ቀለሙ ጥቁር። አንዱ ኮንሰርት በሁለትና በሦስት የተለያየ ስም ይሸጣል። ቀኑ ይሳሳታል ወይም ጨርሶ አይጻፍም። ገዢው አዲስ ነገር አገኘሁ ብሎ ብዙ ገንዘብ ያወጣል፤ ቤቱ ሄዶ ሲያጫውተው ቀድሞውኑ በእጁ ያለው ነው። ከዚያ ሁሉ ሽያጭ ለሚዙታኒ የሚደርሰው የለም። ለቀጂውም የለም፤ እሱም ካሴቱን ለወዳጅ ብሎ ነበር የሰጠው።

እንግዲህ እዚህ ላይ የኛ ሰው ያኮርፈኛል። «ኮፒ ኮፒ ነው! በካሴት ዘመን ዘፋኞቻችንን የበላቸው ማን ሆነና ነው?» ይለኛል። ልክ ነው። እኛ አገር ድምፃዊው ቤቱን ሸጦ፣ ተበድሮ ያሳተመው ካሴት ገበያ በወጣ በቀናት ውስጥ በርካሽ ኮፒ ሲቸበቸብ አይተናል። ያ የሰው እንጀራ መንጠቅ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ነገር ግን ልዩነቱን እንይ። እኛ ጋ የሚሸጥ ካሴት አለ፤ ኮፒው ያንን ተክቶ ነው የሚሸጠው። የኪዮቶና የቶኪዮ ልጆች የቀዱት ግን የማይሸጥ፣ ባይቀዳ ኖሮ በዚያው ሌሊት አየር ላይ የሚቀር ነገር ነው። ኮንሰርቱን መቅዳት ማንንም አላስራበም። ማስራቡ የጀመረው ያ ቅጂ ዋጋ የተለጠፈበት ቀን ነው። ሕጉ ሁለቱንም በአንድ ዓይን ሊያይ ይችላል። ህሊና ግን መለየት አለበት።

የባለቤቱን ነገር ደግሞ አልዘልለውም። ሚዙታኒ ሙዚቃው እንዲህ እንዲበተን ፈልጓል? ያወጣቸው ሦስቱ ሲዲዎች እንደሚነግሩን በራሱ ምርጫና በራሱ ደረጃ ማውጣት የሚፈልግ ሰው ነበር። ዝም ማለቱን እንደ ፈቃድ የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ፤ ይህ አሳፋሪ ሰበብ ነው። ባንዱ በ1996 የመጨረሻውን ኮንሰርት ካቀረበ በኋላ ሚዙታኒ ከዓይን ጠፋ። በታኅሣሥ 2019 አረፈ። ዓለም የሰማው ግን በጥቅምት 2021 ነው። ወደ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አድናቂዎቹ መሞቱን ሳያውቁ ያልተፈቀደው ሲዲ ገበያ ላይ ነበር። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ማኮቶ ኩቦታ መጣ። በ70ዎቹ መጀመሪያ ከራሊዝ ጋር የተጫወተ፣ በኋላ በራሱ ስም የታወቀ ሙዚቀኛና ፕሮዲዩሰር ነው። ሚዙታኒ ከማረፉ በፊት ሥራዎቹን በአግባቡ ስለማውጣት ተነጋግረው ነበር። የሚዙታኒን ሥራ የሚያስተዳድር አሳታሚ ተቋቋመ፤ ስሙንም የወሰደው ኮንሰርቱን ከሚዘጋበት ከዚያው ረጅም ዘፈን ነው። በ2022 የኦዝ ቅጂዎች ከዋናው ቴፕ ተዘጋጅተው ወጡ። የ1991ዎቹ ሦስት ሲዲዎችም እንደገና ታተሙ። ሌሎች ኮንሰርቶችም ተከተሉ።

አዲሱን የኦዝ ሕትመት ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ ድራሙ ነው የገረመኝ። በድሮው ኮፒ ከጊታሩ ጩኸት ጀርባ የሆነ ነገር ሲንኳኳ ብቻ ነበር የሚሰማው። አሁን ሰምባሉ ሲመታ፣ ቤዙ ሲያመነታና መልሶ ሲገባ ይለያል። ሚዙታኒ ድምፁ ገር ነው፤ ሊሰበር የተቃረበ። ይህን ያህል ዘመን ጩኸቱን ብቻ ነው የሰማነው። «የድሮው ይሻላል» የሚሉትን ወዳጆች በዚህ ነው የምሞግታቸው። የወደዱት ሽሽታ ከካሴቱ የመጣ ነው። ሚዙታኒ ያንን አልተጫወተም።

«የድሮው ይጥፋ» ለሚሉት ደግሞ መልሴ አጭር ነው። ሕጋዊው ሕትመት ሁሉንም ሌሊት አልሸፈነም። ብዙው ኮንሰርት እስካሁን ያለው በታዳሚ ካሴት ላይ ብቻ ነው። ካሴት ደግሞ ያረጃል፤ ቴፑ ይሳሳል፣ ይጣበቃል፣ ሻጋታ ይይዘዋል። ባለቤቶቹም እያረጁ ነው። አንድ ሰብሳቢ ሲሞት መሳቢያው ውስጥ ያለውን ቤተሰቡ ምንነቱን ሳያውቅ ሊጥለው ይችላል።

ስለዚህ ሰብሳቢውን የምለምነው ይህን ነው። የመጀመሪያው ካሴት በእጅህ ካለ፣ ብርቅ ነው ብለህ አትቆልፍበት። «እኔ ብቻ ነኝ ያለኝ» ማለት ደስ ይል ይሆናል፤ ሙዚቃውን ግን ለሁለተኛ ጊዜ መቅበር ነው። ለአሳታሚው ስጥ፤ ቀኑንና ቦታውን የምታውቀውን ያህል ጻፍበት። አሳታሚው ደግሞ በታዳሚ ካሴት ሲጠቀም፣ ሰውየው ከፈቀደ ስሙን ይጻፍለት፤ «ያልታወቀ ምንጭ» ብሎ አይለፈው። በዚያ ሌሊት ድራም የመታው፣ ቤዝ የያዘውም ስሙ ይስፈር፤ ድርሻውም ይድረሰው። በራሊዝ ብዙ ሙዚቀኛ ገብቶ ወጥቷል፤ በየኮፒው ላይ ግን ስሙ የሚገኘው ሚዙታኒ ብቻ ነው።

ገና ለሚጀምር ሰው፣ መጀመሪያ የኦዝን ሕትመት ስማ። ቀጥሎ በመጋቢት 1977 ቶኪዮ ውስጥ በታቺካዋ ከተማ የተቀዳውን ኮንሰርት። እሱን በስልክ ድምፅ ማጉያ እንዳትሞክረው፤ ደህና የጆሮ ማዳመጫ ፈልግ፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ታገሥ። ከወደድከው ግዛው። ከዚያ በኋላ ዩቲዩብ ላይ ወዳሉት የድሮ ቅጂዎች ግባ፤ አንዱን ዘፈን በሦስት የተለያየ ዓመት አነጻጽረው። ያለ ፈቃድ የተባዛ ሲዲ በውድ ዋጋ የሚሸጥልህ ካገኘህ ግን እለፈው፤ በዚያ ገንዘብ ሁለት ሕጋዊ ሸክላ ይገዛል።