የሎርድ ኩባያና የአክስቴ ጧፍ

ፈረንሳይ ውስጥ ያለችው ሎርድ እኔ ከምኖርበት ከቱሉዝ በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ትንሽ ከተማ ናት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1858 በርናዴት ሱቢሩ የምትባል የ14 ዓመት የድሃ ልጅ እንጨት ልትለቅም ወጥታ፣ እመቤታችንን ዋሻ አፍ ላይ አየኋት አለች። ያን ዓመት 18 ጊዜ አይታታለች። ካቶሊኮች ዛሬም ከዓለም ዙሪያ ይጎርፋሉ።

ወደ ዋሻው የሚወስደው መንገድ ግራ ቀኙ ሱቅ ነው። መቁጠሪያ፣ ሻማ፣ በእመቤታችን ቅርጽ የተሠራ የጠበል መያዣ፣ ኩባያ። ለአክስቴ አንድ ኩባያ ገዛሁ። ነጭ ቀሚስ፣ ሰማያዊ መቀነት፣ እግሮቿ ላይ ቢጫ ጽጌረዳ፤ ፊት ለፊቷ ደግሞ የተንበረከከች ልጅ።

አክስቴ አራት ኪሎ ነው የምትኖረው። ኩባያውን አገላብጣ አየችው፣ ሳመችው፣ ቡፌው ላይ አስቀመጠችው። «ሻይ ጠጪበት እንጂ» ብላት ደነገጠች።

«እንዴት አድርጌ ነው ልጄ የእመቤቴን ሥዕል በላርጎ የምፈትገው?»

መልስ አጣሁ። ምክንያቱም ኩባያውን እንድገዛ ያደረገችኝ አብራኝ ሌሊት የምትሠራ ፊሊፒናዊት ናት። እንደዚሁ ዓይነት አላት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ዓይናችን ሊከደን ሲል፣ ቡና ትቀዳበትና በሁለት እጇ ታቅፈዋለች። አንድ ጊዜ እናቷ ታማ ነበር። ያን ሌሊት አውራ ጣቷን ሥዕሉ ላይ እያመላለሰች ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየኋት። ሎርድ ስደርስ በሱቆቹ ብዛት ቅር ብሎኝ ነበር፤ ቅዱስ ነገር እንዲህ ይቸረቸራል እንዴ ብዬ። እሷን ሳስብ ግን ገዛሁ።

የመጣሁት ለግንቦት 21 ነበር። የአክስቴ የጽዋ ማኅበር ተራ እሷ ቤት ነው። እኛም እኮ የእመቤታችንን መገለጥ እናከብራለን። ግብፅ ውስጥ ደብረ ምጥማቅ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ለአምስት ቀን በብርሃን ትታይ እንደነበር ስንክሳሩ ይናገራል። ያ ቤተ ክርስቲያን መፍረሱን ሲሰማ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ተጉለት ላይ በዚያው ስም ሌላ አሠራ። ዕለቱ ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

ጸሎት ደረሰ። ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ሁሉም ከዚያው ከአንዱ ቀመሱ። ከዚያ በነጭ ነጠላ ተሸፍኖ፣ ጧፍ በርቶለት፣ በእልልታ ለቀጣዩ ተረኛ ተሰጠ። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ እስኪርቅ ድረስ አየችው። መጠጫ ሲከበር ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ገባኝ። ለእሷ በእመቤታችን ስም የሚነሳ ዕቃ ለብቻ ሻይ አይጠጣበትም።

የባልደረባዬም ፍቅር ያው ፍቅር ነው። እሷ እጇ ላይ ታደርጋታለች፣ አክስቴ ከፍ አድርጋ ታስቀምጣታለች። ልቤ ወደ አክስቴ ያደላል፤ ያደግሁበት ነው። ግን እውነቱን ልናገር፤ እኛ ቤት ሥዕሉ ከፍ ከማለቱ የተነሳ ሳምንት ሙሉ ቀና ብለን ሳናየው የምንውል አለን። የፊሊፒናዊቷ ግን በየሌሊቱ ያጽናናታል።

ልመለስ ስል ኩባያው ቡፌው ላይ የለም። ወደ ሥዕሉ ሥር አዛውራዋለች። ጧፎቿን እንደ አበባ አቁማበታለች።

በስልኬ አንስቼ ለባልደረባዬ አሳየኋት። አጉልታ አየችው። ጧፍ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ በሰም የተነከረ የጥጥ ክር ነው አልኳት። ሌላ ጊዜ ስሄድ እንዳመጣላት አስምላኛለች።