አቃቂን የምታቆሽሹ፣ አይታችሁም ዝም የምትሉ

ወገኖቼ፣ እስከ መቼ ነው አይተን እንዳላየን የምንሆነው? በአዲስ አበባው ትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳርቻ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ይወርዳል። ወረድ ብሎ በዚያው ውሃ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ይበቅላል፤ እኛው ገዝተን ለልጆቻችን እናቀርባለን። የቀረው ውሃ አባ ሳሙኤል ግድብ ገብቶ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ እዚያም የሚጠጣው ሰውና ከብት አለ።

አጥበን እንበላለን አትበሉ። ማጠብ ጭቃ ያስለቅቃል፣ መቀቀል ተህዋሲያን ይገድላል፤ በሥር ገብቶ ቅጠል ውስጥ የተቀመጠን መርዛማ ብረት፣ ክሮምና እርሳስን፣ ግን እሳት አያጠፋውም። እርሳስ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል። ብረት በክሮም ከሚለብጡ ወርክሾፖች የሚወጣው ሄክሳቫለንት ክሮም የሚባለው የክሮም ዓይነት ደግሞ ካንሰር አምጪ ነው።

እናንተ የፋብሪካና የወርክሾፕ ባለቤቶች፣ መላ የለውም ብላችሁ አታታልሉን። መላ አለው። ፍሳሹን በገንዳ ያዙ፤ የብረት ዝርጎች አቁሙበት፤ እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ጅረት (ዲሲ) ልቀቁበት። በፖዘቲቭ በኩል ያለው ዝርግ ቀስ በቀስ ይሟሟል። የሟሟው ብረት ሄክሳቫለንቱን ክሮም መርዙ ወደ ቀነሰ ዓይነት ይለውጠዋል፤ ከዚያም ዝገት መሳይ ድፍርስ ሆኖ ክሮሙን፣ ኒኬሉንና ዚንኩን ይዞ ይዘቅጣል። በኔጋቲቩ በኩል የሚነሳው የሃይድሮጅን አረፋም ከፊሉን ወደ ላይ ያንሳፍፈዋል። (ሃይድሮጅን ተቀጣጣይ ነውና ክፍሉ አየር የሚያገኝ ይሁን።) መዳብ በብዛት ያለበት ፍሳሽ ከሆነማ ከመዳቡ ከፊሉ በኔጋቲቩ ዝርግ ላይ ሊለጠፍ ይችላል፤ ተፍቆ ይሸጣል። ወንዝ ውስጥ የምትደፉት ገንዘብ እኮ ነው!

ወጪ አለው፤ ዝርጉ ያልቃል፣ መብራትም ይፈጃል። ወጪውን ግን ዛሬም የሚከፍል አለ፤ የሚከፍለው ጎመን ሻጯና ጎመን በሊታው ነው። መብራት ሲጠፋ ፍሳሹ ገንዳው ውስጥ ይጠብቅ እንጂ ወንዝ አይግባ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ተቆጣጣሪዎችም ወረቀት አይታችሁ አትመለሱ፣ ከፍሳሽ ቱቦው አፍ ውሃ ቅዱና አስመርምሩ።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እላችኋለሁ። ከገንዳው የሚወጣው ዝቃጭ መርዙን ሁሉ የሰበሰበ ነው። ወንዝ ዳር ከከመራችሁት የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ ጠርጎ መልሶ አቃቂ ይከተዋል። ውሃ በማያሰርግ ጉድጓድ አኑሩት፤ ለገበሬም ማዳበሪያ ነው ብላችሁ አትስጡ።