ታጥቦ ጭረት

ጸደይ ሲገባ የመኪና ባለቤት ሁሉ አንድ ዓይነት በሽታ ይይዘዋል። ጭቃው ደርቆ ፀሐይ ብቅ ያለች ዕለት ባልዲውን ይዞ ይወጣል። ወራቱን ሙሉ መስታወቷን በእጅጌው እየጠረገ ሲነዳ የከረመ ሰው በአንድ ጠዋት የጽዳት ተቆርቋሪ ይሆናል። ሱሪውን ይጠቀልላል። ሬዲዮ ይከፍታል። አረፋውን እስከ ጣሪያዋ ድረስ ያስነሳዋል። ለሚያየውም ደስ ይላል።

ደስታው ግን መኪናዋ እስክትደርቅ ነው።

ጭቃ ውለታው ብዙ ነው፤ የሚያመሰግነው የለም እንጂ። የመኪናዋን ገመና ሸፍኖ ያከረመው እሱ ነው። እሱ ታጥቦ ሲሄድ በሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተጋደመ ጭረት ይወጣል። ኮፈኑ ላይ ጠጠር የፈነቀላቸው ነጠብጣቦች ይወጣሉ። የኋላው ፓራውልት ጥግ ላይ ደግሞ ቀይ ቀለም ተለቅልቆ ይገኛል። መኪናዋ ነጭ ናት።

ወዲያው አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋማል። አባል ባልና ሚስት ናቸው፤ ተጠርጣሪም እነሱው ናቸው።

«እኔ ሳቆማት ደህና ነበረች።»

«እኔም ሳስረክብህ ደህና ነበረች።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው ከተባለ መኪናዋ ሌሊት ብቻዋን ቆማ ራሷን አካለች ማለት ነው። በዚህ ዓለም መኪና የገጨ ሰው የለም። ምሰሶው ነው የመጣበት። ግድግዳው ነው የተጠጋው። አሳቻ ቦታ ላይ የተተከለች አጥር ነች የነካችው። ባለ ብስክሌቱ ልጅ ደግሞ ያን ሰሞን ጥናት ያበዛል። ማንም ሳያዘው መጽሐፉን ይዞ ክፍሉ ይገባል። ጉዳዩ ባልታወቀ ተጠርጣሪ ይዘጋል።

በቃ ይሄ ነው ሲሉ ፀሐይዋ ዘወር ትልና ሌላ ጉድ ታሳያለች። ብርሃኑ ያረፈበትን ቦታ ከብበው የሚዞሩ ቀጫጭን ጭረቶች አሉ። በትክክል ቢታይ ጭረቶቹ ክብ አይደሉም። በየአቅጣጫው የተበታተኑ ናቸው፤ ብርሃን የሚያሳየን ግን በሚመቸው በኩል የተሰመሩትን ብቻ ስለሆነ የሚሽከረከሩ ይመስላሉ። እነዚህን ያመጣ ምሰሶም አጥርም አይደለም። ያመጣቸው እጥበቱ ነው። ስፖንጁ አሸዋ ይይዛል፤ አሸዋው ቀለሙ ላይ ይጎተታል። ማጠቢያው ባልዲ ውስጥ የገባው ቆሻሻ ተመልሶ ስፖንጁ ላይ ይወጣል፤ ለዚህ ነው አዋቂዎቹ አንድ ባልዲ ለሳሙና፣ አንድ ባልዲ ለማለቅለቂያ የሚሉት። እና ነገሩ እንዲህ ሆነ፦ መኪናውን በጣም የሚወድ ሰው በየቀኑ ይወለውላታል፣ በየቀኑም ይጭራታል። ግድ የሌለው ሰው መኪና ከሩቅ ስትታይ አቧራ ናት፤ አቧራው ስር ያለው ቀለም ግን ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። ፍትሕ የለም።

አቧራ ካየ ዝም ብሎ የማያልፍ ሰውም አለ። በጣቱ «እጠቡኝ» ብሎ ይጽፋል። ቀልዱን የጻፈው በጣቱ ይምሰለው እንጂ በጣቱና በቀለሙ መካከል ያለው አቧራ ነው እንደ ብርጭቆ ወረቀት የጻፈለት። ባለቤቱ ታዛዥ ሆኖ ያጥባታል። ያደርቃታል። ፖሊሽ ያደርጋታል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ኋላዋ ላይ ፈዘዝ ብሎ «እጠቡኝ» ይነበባል። ታጥባም ትማጸናለች።

በዚህ በኩል እንደ ጥቁር መኪና ያለ ሐሜተኛ የለም። ነጭና ብርማ ገመና ይሸፍናሉ፤ ጥቁር የሰማውን ሁሉ ያወራል። ፎርድ ታዋቂውን ሞዴል ቲ ከ1914 እስከ 1925 (በፈረንጆቹ) የሸጠው በጥቁር ቀለም ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ሰው የሚጨነቀው መኪናዋ ትነሳለች ወይ ብሎ ነው። ጭረት ለመቁጠር ጊዜ የተረፈን እኛ ነን።

የአላፊ አግዳሚው ምክር የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ባልዲ ይዞ የቆመ ሰው መካሪ አያጣም። ሕይወቱን ሙሉ መኪና ኖሮት የማያውቀው የሰፈር ወጣት ሳይቀር ቆም ይላል።

«ጋሼ፣ ምነው በጥርስ ሳሙና ቢሉት!»

የጥርስ ሳሙና ውስጥ ለስለስ ያለ መፈግፈጊያ ስላለ እንዲያው ላይ ላዩን የተነካካ ቦታ ሊያሻሽል ይችላል። ጠለቅ ያለው ጭረት ግን ነጭ ሞልቶበት ይቀራል። መኪናዋ የአፍ ሽታዋ ይስተካከላል፣ ያው።

አንድ እውነት እዚህ ላይ መነገር አለበት። በፋብሪካ የተቀባች መኪና ቀለሟ ከነድርቡ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነች። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ሁለት ፀጉር ብትደራርቡ ደረሳችሁ ማለት ነው። ያ ሁሉ ኩራት፣ ያ ሁሉ «እንዳትደገፍባት!» የሁለት ፀጉር ጉዳይ ነው። ከስር ዝገት የሚከላከለው አለ፣ ከዚያ ቀለሙን የሚያስይዘው ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለሙ፣ ከላይ ደግሞ የሚያበራው ክሊር። ክሊሩ ብቻውን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ ነው። የጭረት ዕጣ ፈንታ የሚወሰነው ከእነዚህ የትኛው ላይ ቆሟል በሚለው ነው። ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ጥፍርን ጭረቱን አሻግሮ ቀስ ብሎ መጎተት ነው። ሳይዘው ካለፈ ክሊሩ ላይ ነው፤ ፖሊሽ ያስታርቀዋል። ከያዘው ፖሊሽ አይመልሰውም። ግራጫ ወይ ነጭ ካሳየ ፕራይመሩ ጋ ደርሷል። ቡናማ ካሳየ ዝገት ቀድሞ ደርሷል።

አንዳንድ ሰው ይህን ምርመራ ከማድረጉ በፊት ጥፍሩን ይቆርጣል።

ፖሊሽ ሲባል ደግሞ ብዙ ሰው የሆነ ነገር የሚጨመር ይመስለዋል። የሚጨመር የለም፤ የሚቀነስ ነው። ጭረቱ ዙሪያ ያለውን ክሊር ልጎ ልጎ ወደ ጭረቱ ወለል ያወርደዋል። ጭረቱ ጠፋ ይባላል፤ አካባቢው ነው ወደሱ የወረደው። በየጸደዩ በማሽን የሚያስልግ ሰው አንድ ቀን ክሊሩን ጨርሶ ቀለሙ ጋ ፊት ለፊት ይገናኛል። የሚሞላው ሌላ ዓይነት ቅባት ነው። ቀጫጭኖቹ ጭረቶች ውስጥ ገብቶ ይተኛል፣ ብርሃኑ አይበታተንም፣ መኪናዋ እንደ አዲስ ታበራለች። ጥቂት እጥበት ሲያልፍ ቅባቱ ይሄዳል፤ ጭረቶቹ «ከርማችኋል?» ብለው ይመለሳሉ። ሠርግና ሽያጭ ለደረሰበት ሰው ግን ጥቂት እጥበት ይበቃዋል።

ቅባት ያልሸፈነውን ጠባይ ይሸፍነዋል። ሰው መኪናውን ሲያቆም እዩት። ቦታው ሁሉ ባዶ ሆኖ ግራዋን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ካቆማት ግራዋን አትጠይቁት። እንግዳ ሲሸኝ እያወራ አንድ በር ላይ ከተደገፈና ወሬው እስኪያልቅ ካልተነሳ በሩ ላይ አንድ ነገር አለ። ጀርባውም ይቆሽሻል፣ ግን ምን ያድርግ። ተለጣፊዎችንም በአዲስ ዓይን ማየት ጀምሬያለሁ። የእሽቅድምድም መስመር፣ የነብር ጥፍር፣ «ሕፃን ተሳፍሯል»። ሕፃኑ አድጎ ጺም አብቅሏል፤ ተለጣፊው ግን አይነሳም። ቢነሳ ከስሩ የሚወጣውን የሚያውቀው አባትየው ብቻ ነው።

ቆራጥ የሆነው ደግሞ የማስተካከያ ቀለም ይገዛል። በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ከምትገኘው ሰሌዳ የቀለሙን ኮድ ገልብጦ፣ ጥፍር ቀለም የምታህል ጠርሙስ ይዞ ይመጣል። ኮዱ አንድ ነው፤ ቀለሙ ግን አንድ ላይሆን ይችላል፤ መኪናዋ ስንት ዓመት ፀሐይ ስትመታ ኖራለች። ሰውየው ኮፈኑ ላይ ይጎነበሳል። ትንፋሹን ይይዛል። ቤተሰቡም አብሮ ይይዛል። ክዳኑ ላይ ያለችው ብሩሽ ከነጠብጣቡ ትወፍራለች፤ ጫፏ ላይ አንድ ጠብታ ተንጠልጥላ ትንቀጠቀጣለች። ቀስ ብሎ ያስጠጋል። ጠብ! ጉድጓድ የነበረው ጉብታ ሆነ። ድሮ ባለቤቱ ብቻ የሚያውቃትን ነጥብ አሁን ከመንገዱ ማዶ ያለ ሰው ያያታል። ልጁ «አባዬ፣ ምን ነከሳት?» ይላል።

ብልሃቱ ሌላ ነበር። ቦታውን በአልኮል ማጽዳት፣ በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ጫፍ ትንሽ ትንሽ እየነኩ መጨመር፣ በየመካከሉ እንዲደርቅ መተው፣ ከፍ ያለውን በቁጥር 2000 ብርጭቆ ወረቀት ከውሃ ጋር አለስልሶ ፖሊሽ ማድረግ። ይህ ሁሉ ምስር ለማታክል ነጥብ ነው። ትዕግሥት ያለው ሰው ደግሞ መጀመሪያውኑ ከጠጠር ጫኝ መኪና ኋላ ተለጥፎ አይነዳም። ብረቱ ዝጎ ከሆነ ግን ቀልድ የለም። ዝገቱ ሳይፈገፈግ የተቀባ ቀለም ለዝገቱ ብርድ ልብስ ነው። ከስር ተመችቶት ይሰፋል፣ ቆይቶም ቀለሙን አሳብጦ ይወጣል። ፓራውልት ፕላስቲክ ከሆነ አይዝግም፤ እሱን ለዓይን ብላችሁ ነው የምትጨነቁለት። ሰው ግን የሚጣደፈው ፓራውልቱ ላይ ነው። ይታያላ!

በሩን ሙሉ ያስቀባም አለ። ጥላ ውስጥ ሲረከብ አንድ ዓይነት ነው። ፀሐይ ላይ ሲያወጣት በሩ የሌላ መኪና ነው። በተለይ ብርማ ቀለም ከሆነ ውስጡ ያሉት የአሉሚኒየም ብናኞች አተኛኘታቸው ትንሽ ከተለየ ብርሃኑን በሌላ በኩል ይመልሱታል። ቀቢው «ሲቆይ ይመሳሰላል» ይላል። እስካሁን እየቆየ ነው።

የጥበቡ ሁሉ ማሳያ ግን የሽያጭ ቀን ነው። መኪናዋ ፎቶ የምትነሳው ልክ ውሃ እንደተረጨባት ነው። ውሃ ጭረቱን ሞልቶ ስለሚያለሰልሰው ለጊዜው ሁሉም መኪና ቆንጆ ነው። ገዢ ቤት ድረስ ሲመጣም፣ አጋጣሚ ሆኖ፣ ገና ታጥባ ጠብ ጠብ እያለች ትጠብቀዋለች። የነቃ ገዢ «ትንሽ ትድረቅ፣ አልቸኩልም» ብሎ ይቀመጣል። ሻጭም አብሮ ይቀመጣል። ስለ አየር ንብረት ያወራሉ።

የባሰበት ገዢ የቀለም ውፍረት መለኪያ ይዞ ይመጣል። ደህና ቦታ ላይ 120 ማይክሮን ካለ በኋላ በሩ ላይ ከ1000 ቢያልፍ ቀለሙ ስር የተጎዳ ብረት የሚሞላበት ስቱኮ ተኝቷል። መለኪያ የሌለው ደግሞ ከፍሪጅ ላይ ማግኔት ነቅሎ ይመጣል። እንዳይጭር በስስ ጨርቅ ይጠቀልለውና ኮፈኑ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ይይዛል። ፓራፋንጎው ላይ ያደርገዋል፤ ይይዛል። በሩ ላይ ሲያደርገው ተንሸራቶ መሬት ይወድቃል። አንስቶ እንደገና ያደርገዋል። እንደገና ይወድቃል።

«ወንድሜ፣ ይሄ በር ብረት አይደለም እንዴ?»

ሻጩ ጎንበስ ብሎ ማግኔቱን ያነሳል። አቧራውን እፍ ይልለታል። ገልበጥ አድርጎ ያየዋል።

«ብረትማ ነው። ማግኔቱ ደክሞ ይሆናል።»